ዮናስ ሩሲያዊ አይደለም

ባለፈው ወር እዚህ ድሬዳዋ የድሮው የፋብሪካችን እግር ኳስ ቡድን የተመሠረተበት በዓል ይከበራል ተብለን ተጠራን። ተጠራን ስል ከእኛ ዘመን የቀረነው አራት ሰዎች ነን፤ አንዱ ጆሮው አይሰማም፣ አንዱ በምርኩዝ ነው የሚሄደው፣ አንዱ ደግሞ ሜዳው ላይ ቆሞ «ሜዳው የት ነው?» የሚል ነው። ደህና የምባለው እኔ ነኝ። ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ደረጃ ሳይ ጉልበቴ ያማርራል እንጂ ሌላው ደህና ነው። ነጭ ሸሚዜን አስተኩሼ፣ ከሳቢያን ሰፈር በባጃጅ ተንገጫግጬ ሜዳው ስደርስ የድሮ ፎቶዎችን አሳድገው አሳትመው ግድግዳው ላይ ደርድረዋቸዋል። እሰየው ብዬ አንድ በአንድ እያየሁ ስሄድ እሱ ጋ ደረስኩ። ዮናስ። ሰፊ ቁምጣ፣ እስከ ጉልበቱ የተሳበ ካልሲ፣ በካልሲው ላይ ሰንደል ጫማ፣ ፊቱ ፀሐይ በልታው ልክ እንደዚያን ጊዜው። ከሥሩ በትልቁ «ሩሲያዊው አሰልጣኝ» ተብሎ ተጽፏል።

አንዲት ባጅ ያንጠለጠለች ልጅ ወረቀት ይዛ ወዲህ ወዲያ ትላለች። «የኔ ልጅ፣ ይሄ ሰው ሩሲያዊ አይደለም» አልኳት። «ታዲያ ምንድን ነው ጋሼ?» «ሊቱዌኒያዊ ነው።» «ያው አይደል?» አለችኝ በትሕትና። «ያው አይደለም!» «እሺ ጋሼ፣ ለሚቀጥለው በዓል እናስተካክለዋለን።» ለሚቀጥለው! የሚቀጥለው በዓል ሲመጣ ከአራታችን ማን ቆሞ ሊያየው ነው? እስክሪብቶዬን ከደረት ኪሴ አወጣሁና ቃሉን እዚያው መሰረዝ ጀመርኩ። እስክሪብቶው ደግሞ እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ አይጽፍም፤ ይንሸራተታል። ሁለት ፊደል እንኳ ሳልሰርዝ ጥበቃው እጄን ያዘኝ። ስድስት ዓመት ግብ በጠበቅሁበት ሜዳ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ክንዴን ተይዤ ወጣሁ። ያችው ልጅ ተከትላ መጥታ አንድ የታሸገ ውኃ ሰጠችኝ። ውኃው የበለጠ አናደደኝ።

ቤት ስገባ ልጄ ራሄል ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ፈረቃዋን ጨርሳ እግሯን ሰቅላ ተቀምጣለች። ነገርኳት። «አባዬ፣ ለአንድ ቃል?» አለችኝ። ያቺን ቃል እኔ ከማንም በላይ አውቃታለሁ ብላት ብዙ ማስረዳት ይኖርብኝ ነበር፤ ለአርባ ዓመት ያህል ያላስረዳሁትን።

ዮናስ የመጣበትን ዓመት አትጠይቁኝ፤ የዓመት ነገር ድሮም አይያዝልኝም። የማስታውሰው ያኔ ለስላሳ በሃምሳ ሳንቲም፣ የሜዳ መግቢያ በስሙኒ እንደነበረ፣ ስሙኒ የሌለው ደግሞ አጥር ላይ ቁጭ ብሎ ከፋዩን እያየ ይስቅ እንደነበረ ነው። ሱሪያችን ከታች እንደ ደወል የሰፋ ነው። ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣ አበባ አበባ ያለበት ሸሚዝ አንዱ ወንድም ከገዛው አራት ወንድም ይዳረስበታል። ከዚራ ሰፈር በዛፎቹ ሥር ጥላ ለጥላ ሲሄዱ፣ አንዱ ሙዚቃ ቤት በር ላይ የሰቀለው ድምፅ ማጉያ ጠዋት የሱማሌ ዘፈን በኡድ፣ ከሰዓት የአማርኛ፣ ሲመሽ የሕንድ ያስኮመኩማል። ቀትር ላይ ከተማው ይዘጋል፤ ውሻው ሳይቀር ጥላ ፈልጎ ይተኛል። አሁንማ በቀትር የሚተኛ ሰው ቢገኝ ራሱ ባጃጆቹ አያስተኙትም። በዚያ ሁሉ ሙቀት መሃል፣ ሁሉ ሰው ተኝቶ ሳለ፣ በካልሲና በሰንደል እየተራመደ ዮናስ የደቻቱን ደረቅ ወንዝ ተሻግሮ መጣ።

ሶቪየቶቹ ሲልኩት ለስፖርት ትብብር ነው ተብሎ ነበር፤ ያኔ ከእነሱ ጋር እንዴት እንደነበርን የዘመኑ ሰው ያውቀዋል። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ሰልፍ አስይዞን «ከሩሲያ የመጡ አሰልጣኝ፣ ጓድ ዮናስ» ብሎ ሲያስተዋውቀን ሳቃችን አመለጠን። ዮናስ የእኛ አገር ስም ነው። «ፈረንጁ ዮናስ የማን ልጅ ነው?» አለ ከኋላ አንዱ። በእነሱም አገር ዮናስ የሞላ ስም እንደሆነ በኋላ ነው የነገረን። ያን ዕለት ሥራ አስኪያጁ እስኪሄድ ዝም ብሎ ቆየና፣ ከሄደ በኋላ ጣቱን ደረቱ ላይ ተክሎ «ሩሲያ አይደለም። ሊቱዌኒያ» አለን። ከዚያ ጀምሮ ሜዳ ላይ ብቻችንን ስንሆን ሩሲያዊ ያለውን ሰው ሁለት ዙር ያስሮጠዋል። ሥራ አስኪያጁ ወይም የፋብሪካው ካድሬ ካሉ ግን ሩሲያዊ ሲባል ወደ መሬት ያያል። እኛ ደግሞ ጎረምሶች ነን፤ የገረመን ሰውየው አገሩን እንዲህ መውደዱ እንጂ ለምን አንዴ ጮክ፣ አንዴ ዝም እንደሚል አላጤንነውም።

አማርኛ ያስተማረችው የፋብሪካው ጸሐፊ ናት። ቢሮ ውስጥ ሁሉ ሰው እሷን «አንቺ» ሲላት ይሰማል። ስለዚህ የሰው ልጅ በአማርኛ «አንቺ» እንደሚባል ደመደመ። ሃያ ሁለት ጢም ያወጣ ወንድ አሰልፎ «አንቺ ሩጪ! አንቺ ፈሪ ነሽ!» ሲል አጥር ላይ የተቀመጠው ሕዝብ በሳቅ ይወድቃል። ማንም ሊያርመው አልፈለገም። እኔ ልቤ ሲቆስል ሲቆስል ከረመ። ምክንያቱም እኔ ድሬዳዋ ላይ ስም ነበረኝ፤ «ፓይለት» ነበር የምባለው። ኳስ መጣች ከተባለ እበርራለሁ። ወደ እኔ ባትመጣም እበርራለሁ። በአግድም ተንሳፍፌ፣ በሁለት እጄ ይዣት አሸዋው ላይ ስወድቅ፣ ሕዝቡ «ፓይለት! ፓይለት!» ብሎ ሲነሣ፣ ወላሂ ያንን ድምፅ ሌላ ቦታ ሰምቼው አላውቅም። በሠርጌ ቀንም።

ዮናስ ሦስት ልምምድ ዝም ብሎ አየኝ። በአራተኛው ጠርቶ «ፓይለት አልፈልግም፣ በረኛ ነው የምፈልገው» አለኝ። ከአሸዋ ገበያ ሁለት የአህያ መጫኛ ገመድ ገዝቶ መጣ። አንዱን ከቀኝ ቋሚ፣ አንዱን ከግራ ቋሚ አሰረና ጫፎቻቸውን ኳሷ ጋ አገናኛቸው። «አንቺ ቁሚ፣ መሃል» አለኝ። በሁለቱ ገመድ መሃል ማለቱ ነው። ኳሷን ወደ ግራ ይወስዳታል፣ ገመዱ አብሮ ይዞራል፣ እኔ እከተላለሁ። ወደ ቀኝ፣ እከተላለሁ። ወደፊት አንድ እርምጃ፣ ወደኋላ ግማሽ። በየቀኑ፣ በየቀኑ። ቦታህን ካወቅህ ኳሷ ራሷ ደረትህ ላይ ትመጣለች ነው ነገሩ፤ በረኛ የሚዘልለው የቆመበት ቦታ ሲሳሳት ነው ይላል። እኔ ደግሞ ኳስ ደረቴ ላይ ከመጣች ማን ያጨበጭብልኛል? አንድ ጊዜ ገመዱ እግሬን ጠልፎኝ በግንባሬ ስተከል፣ አጥር ላይ ካሉት አንዱ «ፓይለቱ ተከሰከሰ!» ብሎ ጮኸ። ለአንድ ሳምንት በሄድኩበት ሁሉ «ተከሰከሰ» ሲሉኝ ከረሙ።

ሁለተኛው በረኛ አብዲ ነበር። ከጀልዴሳ የመጣ፣ ግመል ጠብቆ ያደገ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ልጅ። ፋብሪካው ውስጥ ጥቅልል ጨርቅ ይሸከማል። አማርኛው ያኔ ከዮናስ ብዙም አይሻልም፤ ስለዚህ እርስ በርሳቸው ይግባባሉ። አብዲ ገመዱን እንዳየ ገባው። ግመል ስታፈነግጥ ሮጦ ሳይሆን ቀድሞ መንገዷ ላይ ቆሞ እንደሚመልሳት፣ ኳሷንም እንደዚያው ቆሞ ይጠብቃታል። አይዘልልም፣ አይጮህም፣ ይይዛታል፣ ይመልሳታል። ሲያዩት እንቅልፍ ያመጣል። አንድ ቀን ስንወጣ «ዋሪያ ግርማ፣ ሰውየው እኮ እውነቱን ነው» አለኝ። «ተወኝ አቦ!» ብዬ ቀድሜው ሄድኩ።

ያም ሆኖ ዮናስ ቤቱ የጠራው እኔን ነው። ለምን እኔን እንደሆነ ዛሬም አይገባኝም። አንድ ቀትር ላይ፣ ከዚራ የተሰጠው ቤት በረንዳ ላይ፣ ከሱማሌ ሴቶች በገዛው እርጎ ውስጥ ቀይ ሥር ከትፎ፣ ሮዝ፣ የከረሜላ ቀለም ያለው ነገር በጎድጓዳ ሳህን አቀረበልኝ። ቀዝቃዛ ሾርባ ነው፤ የአገራችን ነው አለ። ላለማፈር ቀመስኩ። እውነቱን ልናገር፣ በዚያ ሙቀት እንደዚያ ያለ ነገር ቀምሼ አላውቅም፤ ጨርሼ ደገምኩ። እሱ ሳህኑን ትቶ ያወራል። አሥራ አንድ ዓመት በረኛ ነበር። ከአሥራ አንዱ ዘጠኙን ተጠባባቂ ወንበር ላይ አሳልፏል። ከፊቱ የነበረው በረኛ መልከ መልካም፣ የሚበርር፣ ጋዜጣ የሚወደው ሰው ነው። ዮናስ ወንበር ላይ ተቀምጦ የዚያን ሰው ስህተት ሲቆጥር ሲቆጥር አሰልጣኝ ሆነ። በመጨረሻ ተራው ሲደርሰው ደግሞ በሦስተኛው ጨዋታ ጉልበቱ ተሰበረ። በዚያ አበቃ። «ስለዚህ አንቺን አውቃለሁ» አለኝ፤ «አንቺን ዘጠኝ ዓመት አየሁ።»

ከዚያ ካርታ አመጣ። በባሕር ጠርዝ የተሰነቀረች፣ ጥፍር የምታህል ቦታ በጣቱ ነካ። ቀስ ብሎ፣ ቃል እየፈለገ ነገረኝ። ሩሲያዎች አገራችንን ወሰዱብን አለኝ። ልጅ ሳለ አባቱን ከቤት አውጥተው በባቡር ጭነው ወደ በረዶ አገር ወሰዱት፤ አልተመለሰም። እናቱ እስክትሞት የአባቱንም ሳህን ታቀርብ ነበር። ከዚያ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። እኔም ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ። ሃያ ምናምን ዓመቴ ነው፤ አንድ ትልቅ ሰው ምስጢሩን አምኖ ሲሰጠኝ የመጀመሪያዬ ነው። ወደ ቤቴ ስመለስ ኩራት ኩራት ብሎኝ ነበር።

የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ከአዲስ አበባ ከመጣ ቡድን ጋር ሆነ፤ ካሸነፍን ወደ ላይኛው ምድብ እናድጋለን። አርብ ከሰዓት በኋላ አሰላለፉን ነገረን፤ «አብዲ ይቆማል።» በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። ሁሉም ከሄደ በኋላ ተከትዬው ሄጄ ለምን አልኩት። ትንሽ አሰበና «አንቺ ቆንጆ ነሽ። አብዲ ትክክል ነው» አለኝ። ይኸው ነው። ቆንጆ ነሽ! ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ፊቴ እየነደደ ወደ ፋብሪካው በር ሳዘግም ካድሬው ከቢሮው መስኮት አየኝ።

ካድሬው ኳስ ይወዳል። ከኳስ ይልቅ ደግሞ ፓይለትን ይወዳል፤ ሲያገኘኝ ጀርባዬን ይመታኛል። «ምን ሆነሃል ጓድ ግርማ?» አለኝ፤ አስገብቶ አስቀመጠኝ። አያሰልፈኝም አልኩት። «ሩሲያዊው?» አለ በመገረም። እዚህ ላይ ዝም ብል፣ እሱን ብቻ ዝም ብል፣ ነገሩ ሁሉ እዚያው ይቀር ነበር። «ሩሲያዊ አይደለም» አልኩ። «ራሱ አይደለሁም ይላል። አገሬን ወሰዱብኝ፣ አባቴን ወሰዱብኝ ነው የሚለው።» ቃሉ ሲወጣ ለአፌ ቀለለኝ፤ የተጣበቀ ነገር እንደመትፋት። ካድሬው አልጻፈም፣ አልጮኸም። ሲጽፍበት የነበረውን እስክሪብቶ ክዳኑን አጥብቆ ገጠመና «ጎበዝ፤ ሂድ ዕረፍ» አለኝ። በሩ ድረስ ሸኝቶኝ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

እሑድ አንድ ለዜሮ አሸነፍን። እኔ የተጠባባቂ ወንበር ላይ ነኝ። ሕዝቡ የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት «ፓይለት ይግባ!» እያለ ሲጮኽ፣ ዮናስ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ከዚያ ሕዝቡ ዝም እያለ መጣ። ከአዲስ አበባ የመጡት አጥቂዎች ኳስ በመቱ ቁጥር ኳሷ አብዲ ደረት ላይ ናት። አንድም ጊዜ አልዘለለም። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አንዱ ብቻውን አምልጦ ሲመጣ፣ እኔ ብሆን አስቀድሜ ተወርውሬ ነበር፤ አብዲ ሦስት እርምጃ ወጥቶ ቆመ። አጥቂው መምቻ ቦታ አጣና ኳሷን አብዲ እግር ሥር አስረከበው። ተጫዋቹም ሕዝቡም እየጮኸ አብዲን ተሸክሞ ሲዞር፣ ዮናስ ወደ እኔ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ወንበር ላይ መቀመጥ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነው። እኔ ፊቴን አዞርኩበት።

ረቡዕ ለልምምድ ስንመጣ ዮናስ የለም። ጠዋት መኪና መጥቶ ወስዶታል አሉ። አንዱ ተጠርቶ አገሩ ሄደ አለ፣ አንዱ ታሞ ነው አለ። ካድሬው መጥቶ «ጓድ ዮናስ በአስቸኳይ ሥራ ተዛውረዋል» አለንና እኔን አይቶ ዓይኑን መለሰ። አዲሱ አሰልጣኝ ከድሬዳዋው ሕዝብ ጋር መጣላት አልፈለገም፤ እኔን በረኛ አደረገኝ። አብዲን አመስግኖ ወንበር ላይ አስቀመጠው። የላይኛው ምድብ ውስጥ በረርኩ፣ በረርኩ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ፣ በዓመቱ ወረድን። አብዲ ሁለት ዓመት ወንበር ላይ ተቀምጦ ኳስ ተወ፤ ከፋብሪካውም ወጥቶ የጭነት መኪና ረዳት፣ በኋላ ሹፌር ሆነ። እኔ እስከ መጨረሻው ፓይለት ተባልኩ። ጫማ ሰቅዬ የፋብሪካው መጋዘን ሠራተኛ፣ ከዚያ ጡረተኛ ሆንኩ፤ ዛሬም አንዳንድ ሽማግሌ ለገሃር አካባቢ ሲያገኘኝ ክንዱን እንደ ክንፍ ዘርግቶ ሰላም ይለኛል። በሳቅ እመልሳለሁ። ውስጤን ቢያዩት።

ዘመኑ ተለዋውጦ፣ ካድሬውም አገር ጥሎ ከጠፋ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ አብዲን አውቶቡስ ተራ አገኘሁት። ሳምቡሳ በጋዜጣ ይዞ ይበላል። ሰላም ተባባልን፣ ስለ ልጆች ተጠያየቅን። ድንገት «ግርማ፣ ዮናስን ማን ነው ያስወሰደው?» አለኝ። «እኔ ምን አውቃለሁ?» አልኩት። ትንሽ አየኝ፣ ደረቱ ላይ የመጣች ኳስ የሚያይ ይመስል፣ ሳይቸኩል። «እሺ» አለ። ከሳምቡሳው አንዱን ሰጠኝ። ያ የመጨረሻ ጊዜያችን ነው፤ ከሦስት ዓመት በፊት አረፈ። ቀብሩ ላይ ከኋላ ቆሜ ሳልታይ ተመለስኩ።

እንግዲህ «ሩሲያዊው አሰልጣኝ» የሚለውን ግድግዳ ላይ ሳየው ለምን እንዳበድኩ አሁን ይገባችኋል። ራሄል ግን አላወቀችም፤ ያወቀችው አባቷ ለአንድ ቃል እንቅልፍ ማጣቱን ብቻ ነው። ልታስደስተኝ ብላ ሜዳው ድረስ ሄዳ በስልኳ ያነሣችውን የፎቶውን ምስል ፌስቡክ ላይ አወጣችው፤ «ይህ ሰው ዮናስ ይባላል፣ ሊቱዌኒያዊ ነው፣ አባቴ በረኛው ነበር» ብላ በእንግሊዝኛም ጭምር ጻፈች። ስንት ሺህ ሰው አየው። ግማሹ «ሩሲያዊ ነው፣ እኔ አስታውሳለሁ» እያለ ይከራከራት ጀመር። አስታውሳለሁ ይላል፣ ያኔ እናቱ ራሷ አልተወለደችም! ስልኩን ቀምቼ አንድ በአንድ ልመልስላቸው ስል ራሄል ነጠቀችኝ። በአምስተኛው ቀን አንድ መልእክት መጣ። «ሩታ እባላለሁ። ፎቶው ላይ ያለው አባቴ ነው። በሕይወት አለ። ሊያናግራችሁ ይፈልጋል።»

ቀጠሮው እሑድ ከሰዓት በኋላ ሆነ። ኔትወርኩ መጀመሪያ አልገባም፣ ከዚያ ገባ፣ ከዚያ የሩታ ግንባር ብቻ ቀረ፣ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ስልኩን ይዘን ከሳሎን ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ውጭ በር ስንዞር ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ያየናል። ነጭ ፀጉር ያለው፣ ቀጭን ሽማግሌ፣ እግሩ ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርጎ ብቅ አለ። ዓይኑን አጥብቦ አየኝ። ፊቱ በራ። «አብዲ!» አለ።

ለልጁ በቋንቋቸው ብዙ ነገር ያወራላታል፣ በእጁ ያሳያል፣ ይስቃል። ሩታ በእንግሊዝኛ፣ ራሄል በአማርኛ፤ «ከልጅነቴ ጀምሮ ስለ አንተ ይነግረኝ ነበር ትላለች። ያሰለጠነው ምርጡ በረኛ አብዲ የሚባል የድሬዳዋ ልጅ ነው ይላል።» ራሄል ግራ ገብቷት አየችኝ። ዝም ማለት ይቻል ነበር። ሰውየው ሰማንያን አልፏል፣ ደስ ብሎታል፣ አብዲ ሞቷል፣ ማን ይጎዳል? አንድ ጊዜ ዝም አለማለቴ ሰው አስወሰደ፤ አሁን ደግሞ ዝም ብል የሌላ ሰው ስም ልሰርቅ ነው። «አብዲ አይደለሁም በይው» አልኳት። «ግርማ ነኝ። ፓይለቱ። ለካድሬው የተናገርኩት እኔ ነኝ በይው። በረንዳው ላይ የነገርከኝን ሁሉ፣ ስላላሰለፍከኝ ተናድጄ፣ እኔ ነኝ የተናገርኩት።»

ራሄል ስልኩን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። «አባዬ፣ ይሄን ልተርጉመው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ተርጉሚው።»

ተረጎመችው። ድምፅዋ ሁለት ጊዜ ተቆረጠ፤ በኔትወርክ አይደለም። ዮናስ መነጽሩን አወለቀ። ሩታ አባቷን አየች፣ እኛን አየች፣ «ደክሞታል» አለችና ስልኩ ተዘጋ። ዘጠኝ ቀን ምንም አልመጣም። ራሄልም በእነዚያ ቀናት ምግብ አቅርባልኝ ወደ ክፍሏ ትገባለች። ልጄ ናት፤ ምን ልበላት?

በአሥረኛው ቀን ሩታ ጻፈች። «አባቴ ሐሙስ ደውሉ ይላል። ተቆጥቷል፤ ግን መቆጣት ስለጀመረ ምግብ መብላት ጀምሯል።» ደወልን። አንድ ሰዓት ሙሉ ተሰደብኩ። በሊቱዌኒያኛ ተጀምሮ፣ በእንግሊዝኛ አልፎ፣ በአማርኛ እስኪደርስ ስድቡ ይቀዘቅዛል ብዬ ነበር፤ የእሱ ግን አልቀዘቀዘም። አዲስ አበባ ሁለት ቀን ጠየቁት፤ ከዚያ አገሩ መለሱት። ብዙ ዓመት ማሰልጠን ተከልክሎ ጣውላ መሰንጠቂያ ቤት ሠራ። አገሩ ነጻ ስትወጣ ነው እንደገና ሜዳ የገባው፤ ጉልበቱ እምቢ እስኪለው ድረስ በረኞች አሰልጥኗል። በገመድ። ሲጨርስ «ይቅር በለኝ» አልኩት። «ስለ እኔ የተጻፈው የካድሬው ደብዳቤ ብቻ አይደለም» አለ በራሄል አፍ። «አዲስ አበባ ድረስ አብሮኝ የመጣው አስተርጓሚም ጽፎ ነበር። ስለዚህ ብቻዬን አስወሰድኩት ብለህ አትኩራ። የእኔን ለእኔ ተወው፤ እኔ እዚህ ተቀምጬ ቀስ እያልኩ አስብበታለሁ። አብዲ ግን? ቦታው የእሱ ነበር። ለሱ ነግረኸዋል?»

«ሞቷል» አልኩ።

«ቤት የለውም? ሚስት የለችውም?» አለ ዮናስ። በአማርኛ ነው ያለው፤ ራሄል መተርጎም አላስፈለጋትም።

ደግሞ ይህን ሊያዘኝ! አሁንም አሰልጣኜ የሆነ ይመስለዋል እንዴ? ስልኩን ዘግቼ ግቢ ውስጥ እየተመላለስኩ ብቻዬን ተጨቃጨቅሁ። የሞተ ሰው ሚስት ፊት ሄዶ የአርባ ዓመት ነገር መቀስቀስ ምን ይጠቅማል? ማን ጠየቀኝ? ሁለት ቀን እንዲህ ስል ቆየሁ። ቅዳሜ ጠዋት ራሄል ባጃጅ ጠርታ በሩ ላይ አቆመችው። «አባዬ፣ ና ልሸኝህ» አለችኝ። አልተጣላችኝም፣ አልመከረችኝም። ገባሁ።

የአብዲ ሚስት ፋጡማ የምትኖረው ገንደ ቆሬ ሰፈር ነው፤ በሯ ላይ በርበሬ ዘርግታ እየለቀመች አገኘናት። እኔን ስታይ መጀመሪያ ሻሿን አስተካከለች። ቀብሩ ላይ ከኋላ ስቆም አይታኝ እንደነበረ እዚያው ነገረችኝ። ወንበር አወጣችልኝ። ተቀምጬ ነገርኳት፤ ገመዱን፣ አርቡን፣ ካድሬውን፣ አውቶቡስ ተራ የዋሸሁትን። እጇ በርበሬ መልቀሙን አላቆመም። ስጨርስ ቀና አለች።

«አሁን ነው የምትመጣው?» አለችኝ።

«ታውቂ ነበር?»

«አብዲ ያውቅ ነበር። ያን አርብ ከቢሮው ስትወጣ አይቶሃል። ሰውየው ትከሻህን ሲመታህ። ግርማ ራሱ መጥቶ ይነግረኛል ይል ነበር። ስንት ዓመት! አንድ ቀን እንኳ ተናድዶ አላየሁትም፤ እኔ ነኝ የምናደድለት። በረኛ ነህ አይደል? ምናለ አንድ ቀን ወደፊት ብትወጣ?»

ራሄል አጠገቤ ቆማለች፤ እንድነሣ ክንዴን ነካ አደረገችኝ። «እንግዲህ…» ብዬ ስነሣ ፋጡማ እጇን አወናጨፈች።

«ቁጭ በል! ወዴት ነው? ልጆቹ አሁን ከሥራ ይመጣሉ። አባታችን በረኛ ነበር ሲሉ ሰፈሩ ሁሉ ይስቅባቸዋል፤ ማንም አያምናቸውም። እኔ ያንተን ነገር ተሸክሜ ስነግራቸው አልኖርም። ለእነሱም ራስህ ትነግራቸዋለህ።»

ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ከግድግዳው ላይ ወረደች፣ በርበሬው ተለቅሞ ወደ ቤት ገባ። ሁለቱ ልጆች የሥራ ልብሳቸውን ሳያወልቁ መጡ፤ ሁለቱም ረጃጅሞች ናቸው። እናታቸው በሱማሊኛ አንድ ነገር አለቻቸው። ጨብጠውኝ፣ ፊት ለፊቴ መሬት ላይ ተቀመጡና ጠበቁኝ።

«አባታችሁ ትክክለኛው በረኛ ነበር» ብዬ ጀመርኩ።